ሲዲ ለመክፈት ላሰባችሁ፦ ገንዘቡ እንዴት ይገባል፣ እንዴት ይወጣል

አሜሪካ ያለን ሐበሾች ስለ ባንክ ሲዲ ስናወራ መጀመሪያ የምንጠያየቀው "ስንት ፐርሰንት ይከፍላል?" እያልን ነው። ጥያቄው አይከፋም። እኔን ያለፋኝ ግን ፐርሰንቱ አልነበረም። ገንዘቡን ካለበት ባንክ አንስቶ ሲዲው የተከፈተበት ባንክ ማድረሱ፣ ጊዜው ሲያበቃ ደግሞ በቀኑ ማውጣቱ ነው። ጥሩ ወለድ የሚከፍለውን ባንክ ማንም በስልኩ ፈልጎ ያገኘዋል። የቀረውን ግን የሚነግር ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ እኔው ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልበል። ሲዲ የጊዜ ገደብ ያለው ቁጠባ ነው። ለስድስት ወር፣ ለዓመት፣ እስከ አምስት ዓመትም ገንዘብ ታስቀምጣላችሁ። ባንኩ የተስማማችሁበትን ወለድ እስከ መጨረሻው ቀን አይቀይርም። እናንተም ቀኑ ሳይደርስ አትነኩትም። ከነካችሁ ቅጣት አለ። አገር ቤት ባንኮች የጊዜ ገደብ ተቀማጭ የሚሉት ዓይነት ነው። እዚያ ገንዘቡ ዳጎስ ካለ ወለዱን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቁጭ ብሎ መደራደር ይቻላል። እዚህ ኦንላይን የተጻፈው የተጻፈ ነው። ካልጣማችሁ ሌላ ባንክ ትሄዳላችሁ።

እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔና ባለቤቴ ለቤት ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) እየቆጠብን ነበር። በ2023 መገባደጃ ላይ እቁብ ደረሰኝ፣ 20,000 ዶላር። የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ዋናውን ወለድ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አድርሶት ስለነበር፣ ብዙ ኦንላይን ባንኮች ለዓመት ሲዲ 5 በመቶና ከዚያም በላይ ይከፍሉ ነበር። ቼኪንጌ (ደመወዜ የሚገባበት የየዕለቱ ሂሳቤ) ያለበት ትልቁ ባንክ ደግሞ ለሴቪንግ (ለቁጠባ ሂሳብ) የሚከፍለው 0.01 በመቶ ነው። አስሉት። 20,000 ዶላር ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ሁለት ዶላር ያመጣል። በ5 በመቶ አንድ ሺህ። በሁለት ዶላር እዚህ ማኪያቶ እንኳ አይገኝም።

ወለድ የማትወስዱ ሙስሊም ወገኖቼ፣ ስለ ካሽና ስለ ስም የጻፍኩት ሊጠቅማችሁ ይችላል። ሌላውን እለፉት።

በካሹ ልጀምር። ኦንላይን ባንክ ቅርንጫፍ የለውም። ካሽ ይዛችሁ የምትቆሙበት መስኮት የለም። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ሰፈራችሁ ባለ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ቼኪንግ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ነው በትራንስፈር የሚሄደው። የብዙዎቻችን ጣጣ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። እቁባችን ውስጥ አንዳንዱ በዜል ይከፍላል፣ አንዳንዱ በካሽ። ለኔ ከደረሰኝ ውስጥ 12,000 ያህሉ ካሽ ነበር።

ዳኛችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። እቁቡን ለዓመታት የመሩት እሳቸው ናቸው። ብሩን ቆጥረው ሲያስረክቡኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ አንዴ እንዳታስገቢው። ዛሬ ስምንት ሺህ፣ የቀረውን በሳምንቱ። ከአስር ሺህ ካለፈ ለመንግሥት ይጽፉብሻል" አሉኝ።

"ይጻፉ ጋሼ። የሰረቅኩት የለ" አልኳቸው።

"አንቺ ደግሞ! ደረቅ ነሽ" ብለው ሳቁ።

ጋሼ ክፉ አስበው አይደለም። ይህ ምክር በየእቁቡና በየማኅበሩ ሲነገር የኖረ ነው። ግን አደገኛ ምክር ነው። ሕጉ እንዲህ ነው። በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ስታስገቡ ባንኩ ቅጽ ሞልቶ ለመንግሥት ይልካል። የዚህ ሁሉ መሠረት የሆነው ሕግ የወጣው በ1970 ነው፤ ለእኛ ተብሎ የመጣ ነገር አይደለም። ቅጹ ታክስ አይደለም። ክስም አይደለም። ሬስቶራንት ያለው ሰው በየሳምንቱ ሊሞላለት ይችላል። ወንጀል የሚሆነው ቅጹን ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስገባት ነው። ገንዘቡ የላባችሁ ቢሆንም ወንጀል ነው። ቴለሮቹ (መስኮት ላይ ገንዘብ የሚቀበሉት) ደግሞ ይህንን እንዲለዩ የሠለጠኑ ናቸው። ዛሬ ስምንት ሺህ፣ በሳምንቱ አራት ሺህ ሲገባ ያዩታል። ከ10,000 በታች ቢሆንም ከተጠራጠሩ ሪፖርት ማድረግ ይችላሉ፣ ለእናንተ ደግሞ አይነግሯችሁም።

ስለዚህ አንዴ አስገባሁት። ቴለሯ መንጃ ፈቃዴን አየች፣ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ከየት መጣ ስትለኝ "ሃያ ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ሺህ እናዋጣለን፣ በየተራ አንዱ ይወስዳል፣ የራሴ ቁጠባ ነው" አልኳት። ታይፕ አደረገች፣ ደረሰኝ ሰጠችኝ፣ አለቀ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ሌላም ምክንያት አላችሁ። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) የሚሰጠው ባንክ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻ ሁለት ወር ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) ይጠይቃችኋል። እዚያ ውስጥ ከደመወዝ ውጭ ወፈር ያለ ገቢ ካየ ምንጩን አስረዱ ይላል። "እቁብ ነው" ብሎ በዚያ ሰዓት ማስረዳት ጭንቅ ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ በባንክ ገብቶ ሲዲ ውስጥ ከቆየ ግን ታሪኩ ወረቀት ላይ አለ። እኔ የእቁቡን የስም ዝርዝርና ዳኛው የፈረሙበትን ወረቀትም ፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ላስት ኔም ተብሎ የሚቀመጠው የአያት ስም ነው። እዚህ ስንመጣ ግን አንዱ ቢሮ የአያትን ይወስዳል፣ ሌላው የአባትን። ቼኪንጌን የከፈተልኝ ባንክ የአባቴን ስም ላስት ኔም አድርጎ፣ የአያቴን ጨርሶ ትቶታል። መንጃ ፈቃዴና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ ላይ ደግሞ ላስት ኔሜ የአያቴ ስም ነው። ለዓመታት ደመወዝ ሲገባበት ማንም ምንም አላለም። ሲዲውን በመንጃ ፈቃዴ ስም ከፍቼ ቼኪንጉን ላገናኝ ስል ግን አዲሱ ባንክ "የአካውንቱ ባለቤት ስም አልተመሳሰለም" አለኝ።

ስልክ ደወልኩ። ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው አንዲት ልጅ አነሳች። "ሁለቱም እኔ ነኝ፣ አንደኛው የአባቴ፣ ሌላኛው የአያቴ ስም ነው" አልኳት። "ስምሽን የቀየርሽው በጋብቻ ነው?" አለችኝ። አይደለም። "በፍርድ ቤት?" አይደለም። ከዚህ ውጭ የምትመርጠው ሳጥን ኮምፒውተሯ ላይ የላትም። ልጅቷ ላይ አልፈርድም።

መፍትሔው የነበረው አሮጌው ባንክ ጋ ነው። መንጃ ፈቃዴንና የሶሻል ካርዴን ይዤ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ስሙን አስተካከሉልኝ። አዲሱ ስም ያለበትን ስቴትመንት አውርጄ ለኦንላይን ባንኩ ላክሁ፣ ተቀበለ። እስከዚያ ግን ከባንኩ ጋር ሩጫ ላይ ነበርኩ። ብዙ ባንኮች ሲዲው ከተከፈተ በኋላ ገንዘቡ እንዲገባ የቀን ገደብ ያደርጋሉ። ካለፈ ማመልከቻው ይሰረዛል፣ ወይም ያያችሁት ወለድ ይቀየራል።

ስለዚህ ማመልከቻ ሳትሞሉ መንጃ ፈቃድ፣ ሶሻልና የባንክ ስቴትመንት ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ። ፀ ወይም ቀ ያለበት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ለባለትዳሮች ደግሞ አንድ ነገር። እኛ የባልን ስም አንወስድም። የሚስትን ሲዲ በባል ስም ብቻ ካለ ቼኪንግ ልሙላ ካላችሁ ባንኩ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ወይ ቼኪንጉ የሁለታችሁም ስም ይኑርበት፣ ወይ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ባለሲዲው ቼኪንግ ይምጣ።

ስሙ ከተስተካከለ ትራንስፈሩ ራሱ ከባድ አይደለም፣ አመሉን ካወቃችሁ። ዋየር (ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ የሚላክ ፈጣን ሐዋላ) በዚያው ቀን ሊደርስ ይችላል፣ ግን 25 እና 30 ዶላር የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው። በስህተት ከሄደም መመለሱ መከራ ነው። እንዲህ ላለ ነገር የሚሻለው ኤሲኤች የሚባለው የባንኮች መደበኛ የኤሌክትሮኒክ ዝውውር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው፣ ከአንድ እስከ ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል። ደመወዛችሁ የሚገባበት መስመር ማለት ነው።

ኤሲኤች በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። ከአሮጌው ባንክ አፕ ገብታችሁ ገንዘቡን ትልካላችሁ፣ ወይም አዲሱ ባንክ ገብታችሁ "ከዚያ አምጣልኝ" ትሉታላችሁ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን አሮጌው ባንኬ በቀን ከ5,000 ዶላር በላይ ወደ ውጭ አያስልክም። አንዳንድ ባንክ ደግሞ ለሲዲ የመጀመሪያውን ትራንስፈር ብቻ ነው የሚቀበለው። አምስት ሺህ ገብቶ ሲዲው በዚያው ይዘጋል፣ የቀረው ውጭ ይቀራል። ከተዘጋ በኋላ በተለመደው ሲዲ ላይ መጨመር አይቻልም። አዲሱ ባንክ ሲያመጣው ግን ገደቡ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ነው። ለዚህ ነው እኔ ከአዲሱ ባንክ በኩል ያስመጣሁት።

ግን ሲመጣ ገንዘቡ ቼኪንጉ ውስጥ ንቅንቅ ሳይል መጠበቅ አለበት። ዛሬ ትእዛዝ ሰጥታችሁ ነገ የቤት ኪራይ ወይም የመኪና ክፍያ ከዚያው ከወጣና ገንዘቡ ካነሰ ትራንስፈሩ ይመለሳል። አዲስ ደንበኛ ላይ እንዲህ ከሆነ አካውንቱን የሚቆልፉ ባንኮች አሉ። ለቴለር የሰጣችሁት ካሽ በማግስቱ የሥራ ቀን ዝግጁ ይሆናል። ቼክ ያስገባችሁ ከሆነ ግን ሆልድ ሊደረግ (ለቀናት ሊያዝ) ስለሚችል "አቬይለብል" የሚለውን ቁጥር አይታችሁ ነው ትእዛዝ የምትሰጡት።

ሁለቱን ባንኮች ለማገናኘት ራውቲንግ ቁጥር (የባንኩን መለያ) እና አካውንት ቁጥር ታስገባላችሁ። ከዚያ ወይ በአሮጌው ባንክ ፓስወርዳችሁ ገብታችሁ ወዲያው ታረጋግጣላችሁ፣ ወይ ባንኩ ሁለት የሳንቲም ገቢ ይልክላችኋል። ከዶላር በታች ናቸው፣ አንዱ 13 ሳንቲም፣ ሌላው 27 ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ሲደርሱ ቁጥራቸውን ትሞላላችሁ። እኔ የመረጥኩት ሳንቲሞቹን ነው። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ፓስወርዴን ሌላ ቦታ መጻፍ አልወድም። የሳንቲሞቹን ልክ ወይም በቴክስት የመጣ ኮድ በስልክ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ባንኩ አይደለም። ዝጉበት።

ቅዳሜና እሁድ፣ በፌዴራል በዓላትም ኤሲኤች አይንቀሳቀስም። ኮሎምበስ ደይ አብዛኞቻችን ሥራ ላይ ነን፣ ገንዘባችን ግን ያርፋል። ዓርብ ማታ የሰጣችሁት ትእዛዝ የሚጀምረው ሰኞ ነው ብላችሁ አስቡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጓደኞቼ የምነግራቸው ዘዴ አንድ ነው። ሲዲውን በቀጥታ ከውጭ ባንክ አትሙሉ። እዚያው ኦንላይን ባንክ ውስጥ መጀመሪያ ሴቪንግ ክፈቱ። ሴቪንጉ ሳሎን ነው፣ ሲዲው መኝታ ቤት። ገንዘቡ ከውጭ ሲመጣ ሳሎን ይቀመጣል። በአምስት አምስት ሺህ ቢመጣ ችግር የለውም፣ እዚያው ይሰበሰባል። የኦንላይን ሴቪንግ ራሱ ጥሩ ወለድ ስለሚከፍል ሲጠብቅም አይከስርም። ሁሉም ተሰብስቦ፣ ሆልዱም ካለቀ በኋላ ሲዲውን ከሴቪንጉ ትሞላላችሁ። በአንድ ባንክ ውስጥ ስለሆነ በዚያው ቅጽበት ይገባል፣ ስምም ሊጣላ አይችልም። ሲዲው ሲያበቃም ገንዘቡ የሚወጣው ወደ ሳሎኑ ነው፤ ከዚያ ወደፈለጋችሁበት።

ባንኩ እውነተኛ መሆኑን ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። ባንክ ቢከስር የደንበኞችን ገንዘብ የሚተካው የመንግሥት ድርጅት፣ ኤፍዲአይሲ፣ ድረ ገጹ ላይ ባንክፋይንድ የሚል መፈለጊያ አለው፣ የባንኩን ስም ጻፉበት። ኤፍዲአይሲ በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናል። ለክሬዲት ዩኒየን ይህንኑ የሚሠራው ኤንሲዩኤ ነው። ከባንክ ጋር የሚሠራ አፕ ግን ባንክ አይደለም። በ2024 ሲናፕስ የሚባለው በአፖችና በባንኮች መሃል የነበረ ድርጅት ሲከስር፣ ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ለወራት ማውጣት አቅቷቸው ነበር። እነሱም የኤፍዲአይሲን ስም አይተው ነው የገቡት። ማስታወቂያው ላይ ወለዱ ከሌሎቹ በጣም ከበለጠ ይበልጥ ጠርጥሩ።

ሲዲው ከተሞላ በኋላ ብዙ የሚሠራ የለም። ሁለት ነገር ብቻ መርጫለሁ። አንደኛው ወለዱ የት ይሂድ የሚለው ነው። እዚያው እየተደመረ ቢቆይ በወለዱም ላይ ወለድ ያመጣል። እኔ ግን በየወሩ ወደ ሴቪንጉ እንዲወጣ አደረግኩት። ወለዱን ማውጣት ብዙ ባንኮች ጋ ቅጣት የለውም። ከ20,000 ዶላር በወር 80 ዶላር ገደማ ይመጣ ነበር። እሷ ለእናቴ የምልካት ሆነች። ዋናው አልተነካም፣ እናቴም ወሯን ጠብቃ ታገኛለች። ሂሳብ አዋቂዎች ትንሽ ከስረሻል ይሉኛል። ይበሉ።

ሁለተኛው ተወራሽ ማስገባት ነው። አካውንቱ ውስጥ "ብሞት ይህ ሰው ይውሰደው" የምትሉበት ቦታ አለ። ሳትሞሉት አትለፉ። ተወራሽ ወይም የጋራ ባለቤት ከሌለ ቤተሰብ ገንዘቡን ለማግኘት ፍርድ ቤት መመላለስ ሊኖርበት ይችላል።

የተቆለፈ ገንዘብ ሌላም ጥቅም አለው፣ ማንም አይጽፈውም እንጂ። አገር ቤት ሰርግ አለ፣ ቤት ይታደሳል፣ የአክስት ልጅ ባጃጅ ሊገዛ ነው። ሁሉም ይደውላል። ድሮ "የለኝም" ስል ውሸት ስለሆነ ድምፄ ያስታውቅብኝ ነበር። አሁን "ባንክ ቆልፎታል፣ ከነካሁት ይቀጡኛል" እላለሁ። እውነት ነው። እነሱም ቅጣት የሚለው ይገባቸዋል።

ሲዲዬ የ13 ወር ነበር። እንዲህ ዓይነት ወጣ ያለ ወር ያላቸው፣ 7፣ 11፣ 13 የሚባሉት፣ ብዙ ጊዜ ለማማለል የሚወጡ ናቸው። ወለዳቸው ጥሩ ነው። ጊዜያቸው ሲያበቃ ግን ዝም ካላችሁ ባንኩ ራሱ ወደ መደበኛ ሲዲ ያድሰዋል፣ በዚያን ቀን ወለድ። የኔ ያበቃው በ2024 ታኅሣሥ ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ ከዚያ ዓመት መስከረም ጀምሮ ወለድ መቀነስ ጀምሮ ነበር። ባንኬ ሊያድስልኝ ያሰበው ለ12 ወር፣ ከድሮው በግልጽ ባነሰ ወለድ ነበር። ቤት እየፈለገ ላለ ሰው ይህ ወለድ መቀነስ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ እንደገና ዓመት ይቆለፋል። ያኔ ቤት ቢገኝ በሰው ፊት መቅለል ነው።

ባንኩ ሳይነግር አያድስም። ራሱን የሚያድስ ከወር በላይ የሆነ ሲዲ ሲያበቃ አስቀድሞ ማሳወቅ የሕግ ግዴታው ነው። ግን የት ነው የሚነግራችሁ? የኔ የመጣው አካውንቱ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥን ነው፣ የክሬዲት ካርድ ማስታወቂያዎች መሃል ተቀብሮ። በኢሜይል የመጣው "አዲስ ሰነድ አለዎት" ብቻ ይላል። ስለዚህ ሲዲውን በከፈትኩበት ቀን ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቼ ነበር፤ አንዱ ከማብቂያው ወር ቀደም ብሎ፣ አንዱ በማብቂያው ዋዜማ።

ካበቃ በኋላ ያለ ቅጣት ማውጣት የሚቻልበት የእፎይታ ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ባንኮች ጋ 10 ቀን ገደማ ነው። የካላንደር ቀን ይሁን የሥራ ቀን ጠይቃችሁ እወቁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከሆነ ፈረንጅ ገና አለ፣ አዲስ ዓመት አለ፣ የስልክ ሰልፉ ሌላ ነው። ብዙ ባንክ ግን ቀኑ ሳይደርስ አፑ ላይ "አታድስ፣ ወደ ሴቪንጌ መልስ" የሚል ምርጫ ይሰጣችኋል። እኔ ይህን አስቀድሜ ሞልቼው ስለነበር ገንዘቡ በቀኑ ሳሎን ገብቶ አገኘሁት።

መውጫውንም አስቀድማችሁ ፈትኑ። ከሴቪንጉ ወደ ቼኪንጋችሁ አስር ዶላር ላኩ፣ ይደርሳል? አዲስ የተገናኘ አካውንት ላይ ለተወሰነ ቀን ማስወጣት የማይፈቅዱ ባንኮች አሉ። በቀን ማውጣት የሚቻለውም ገደብ አለው። የቤት ክሎዚንግ (የግዢ መፈራረሚያ) ሳምንት ላይ ይህን ማወቅ ደስ አይልም።

ቤቱ ያኔ ስላልተገኘ ገንዘቡን በሙሉ መልሼ አልቆለፍኩትም። አራት ቦታ ከፈልኩት፣ አምስት አምስት ሺህ። አንዱ ሳሎን ቀረ፣ ሦስቱ ለተለያየ ጊዜ ሲዲ ሆኑ። ይህን ያደረግኩት የወለድ ስሌት አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም፣ የጓደኛዬን ነገር አይቼ ነው።

ጓደኛዬ 20,000 ዶላር በአንድ ሲዲ ለዓመት አስቀምጣ ነበር። በመሃል አዲስ አበባ ያሉ እናቷ ታመሙባት። የሚያስፈልጋት ለትኬትና ለሕክምና አራት ሺህ ነበር። ባንኩ "ከፍለሽ ማውጣት አትችይም፣ ሙሉውን ነው መስበር" አላት። አብዛኞቹ ባንኮች እንዲህ ናቸው። ቅጣቱ የ90 ቀን ወለድ ነበር፣ ለእሷ 240 ዶላር ገደማ። ገና እንደከፈታችሁ ከሰበራችሁት ቅጣቱ ከወለዱ ሊበልጥና ከዋናው ሊቆረጥ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀናት ማውጣት ደግሞ ቢያንስ የሰባት ቀን ወለድ እንደሚያስቀጣ የፌዴራሉ ደንብ ራሱ ያዛል። ገንዘቧ በአራት ሲዲ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ አንዱን ሰብራ ሌሎቹ ይቀጥሉ ነበር፣ ቅጣቱም ሩብ ይሆን ነበር።

ታክሱን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ወለድ ገቢ ነው። ወለዱ 10 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ባንኩ በጥር መጨረሻ 1099-አይኤንቲ የሚባል ቅጽ ያዘጋጃል። ኦንላይን ባንክ ብዙ ጊዜ በፖስታ አይልከውም፣ አካውንታችሁ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ገብታችሁ ማውረድ የእናንተ ፋንታ ነው። ባታወርዱትም አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ ቢሮ) ኮፒው አለው። ወለዱን ሳታወጡት እዚያው ቢደመርም ታክስ አለበት። እኛ ሜሪላንድ ያለን ለስቴትም ለካውንቲም እንከፍላለን። የትሬዠሪ ቢል (መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት ሰነድ) ወለድ ግን ከስቴትና ከካውንቲ ታክስ ነጻ ስለሆነ፣ ሲዲው ትንሽ ቢበልጥም ከታክስ በኋላ አስሉት።

ሲዲ ሰብራችሁ ከተቀጣችሁ ደግሞ ቅጣቱ እዚያው ቅጽ ላይ ሳጥን 2 ውስጥ ተጽፎ ይመጣል። ከገቢያችሁ ላይ ይቀነሳል። ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ወጪ ሳይዘረዘር የሚቀነሰውን) የምትወስዱም ብትሆኑ ይቀነስላችኋል። ታክስ በሚጣደፍበት ሰሞን የሚሠራላችሁ ሰው ሳጥን 1ን ብቻ አይቶ ሊያልፈው ይችላል። ጓደኛዬ ለታክስ ሠሪዋ ወረቀቱን ስትሰጠው ሳጥን 2ን በቢጫ ማርከር አቅልማ ነው።